ከውል እስከ መዝገብ፦ በዳላስ ቤት የገዛ ሰው ባለቤትነቱ የሚጸናው መቼ ነው?

ዳላስ፣ ፎርት ዎርዝ እና በዙሪያቸው ያሉት እንደ ጋርላንድ፣ ሪቻርድሰንና ፕላኖ ያሉ ከተሞች በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖሩባቸዋል። በአካባቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የገዛ ሰው ቁልፉን በተረከበ ማግስት ከዘመድ ወዳጅ አንድ ጥያቄ ሊቀርብለት ይችላል፦ “ካርታው መቼ ይሰጣል?”

መልሱ ብዙዎች የሚጠብቁት አይደለም። በቴክሳስ መንግሥት ለቤት ባለቤት የሚሰጠው ካርታ ወይም የባለቤትነት ደብተር የለም። ባለቤትነት የሚታወቀው በካውንቲው የሕዝብ መዝገብ ላይ ከሰፈሩ ሰነዶች ነው። የሽያጭ ውል መፈረም፣ ገንዘብ መክፈል፣ ቁልፍ መረከብ፣ ለዓመታት በቤቱ መኖር እንኳ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ገዢውን የተመዘገበ ባለቤት አያደርጉትም።

ይህን ልዩነት አለማወቅ ሙሉ የዕድሜ ቁጠባን ሊያሳጣ ይችላል። ጉዳዩን ለመረዳት ሒደቱን ከውሉ ፊርማ ጀምሮ ስሙ በመዝገብ እስኪሰፍር ድረስ ደረጃ በደረጃ መመልከት ያስፈልጋል።

ሁለት ሥርዓቶች፦ ካርታ እና መዝገብ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1195 መሠረት፣ የአስተዳደር አካል የአንድ የማይንቀሳቀስ ንብረት የባለቤትነት ማስረጃ የሰጠው ሰው የንብረቱ ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ግምቱን በማስረጃ ማፍረስ ቢቻልም መነሻው መንግሥት የሰጠው ወረቀት ነው። ካርታ በእጅ መያዝ ትልቅ ዋጋ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

በቴክሳስ ግን ባለቤትነት የሚረጋገጠው በሰነዶች ሰንሰለት ነው። የዛሬው ባለቤት መብቱን ያገኘው ከቀድሞው ባለቤት፣ እርሱም ከርሱ በፊት ከነበረው ነው። እያንዳንዱን ዝውውር የሚያሳየው በአገሬው አጠራር “ዲድ” የተሰኘው የባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነድ ሲሆን፣ ሰነዱ የሚመዘገበው ንብረቱ በሚገኝበት ካውንቲ የጸሐፊ ቢሮ ነው። የቤቱ አድራሻ ዳላስ ካውንቲ ከሆነ እዚያ፣ ፎርት ዎርዝ ባለበት ታራንት ካውንቲ ከሆነ እዚያ፣ ፕላኖ በአብዛኛው በምትገኝበት ኮሊን ካውንቲ ከሆነም እዚያ ይመዘገባል።

መዝገቡ ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው። ዋናው ዲድ ከተመዘገበ በኋላ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ወረቀቱ ቢጠፋ ግን ባለቤትነቱ አይጠፋም። ቅጂውን ከካውንቲው ጸሐፊ ቢሮ በአነስተኛ ክፍያ ማግኘት ይቻላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ብዙ ሰው የቤት ባለቤትን ስም የሚፈልገው የንብረት ግብር ግምት በሚያወጣው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ነው። ያ መረጃ የተሰበሰበው ለግብር ሲባል ስለሆነ የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም። ወሳኙ በካውንቲው ጸሐፊ መዝገብ የሰፈረው ሰነድ ነው።

ውሉ፦ የቃል ስምምነት አይበቃም

በቴክሳስ የንግድ ሕግ አንቀጽ 26.01 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልሆነና ግዴታው በሚጠየቅበት ሰው ካልተፈረመ በአጠቃላይ በፍርድ ቤት ሊፈጸም አይችልም። በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል፣ በስልክ የተደረገ ስምምነት ወይም የእጅ መጨባበጥ ውል አይተካም። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ሕግም ተመሳሳይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2877 በጽሑፍ ያልተደረገ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭን ፈራሽ ያደርገዋል።

በቴክሳስ ፈቃድ ያላቸው የቤት አሻሻጮች አስቀድሞ ለተኖረበት ቤት ሽያጭ የሚጠቀሙት የግዛቲቱ የሪል ስቴት ኮሚሽን ያዘጋጀውን መደበኛ የውል ቅጽ ነው። አሻሻጩ ባዶ ቦታዎቹን ይሞላል እንጂ የሕግ ምክር ለመስጠት አልተፈቀደለትም። አዲስ ቤት የሚሠሩ ኩባንያዎች ግን ብዙውን ጊዜ የራሳቸውን ጠበቆች ያዘጋጁትን ውል ያቀርባሉ። እንዲህ ያለው ውል ገዢው ክርክሩን በፍርድ ቤት ሳይሆን በግልግል ዳኝነት እንዲጨርስ ሊያስገድድ፣ በመደበኛው ቅጽ ያለውን የመተው መብትም ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ የሰፈር ወዳጅ በመደበኛው ውል ያገኘውን መብት በአዲስ ቤት ውልም አገኛለሁ ብሎ መገመት ያሳስታል።

በመደበኛው ቅጽ ሁለት ክፍያዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ቀብድ ነው። ሁለተኛው ገዢው ለተወሰኑ ቀናት በማንኛውም ምክንያት፣ ወይም ያለ ምክንያት፣ ውሉን ለመተው የሚገዛበት አነስተኛ ክፍያ ነው። ሁለቱም ውሉ ከጸናበት ቀን አንስቶ በሦስት ቀናት ውስጥ ለገንዘብ ጠባቂው፣ ማለትም ለታይትል ካምፓኒው፣ መድረስ አለባቸው። ሁለተኛው ክፍያ በወቅቱ ካልደረሰ ገዢው እንደ ልቡ የመተው መብቱን ያጣል። የመተው ጊዜው የሚያበቃው በመጨረሻው ቀን ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ዕለቱ ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢሆንም አይራዘምም። ከዚያ በኋላ ውሉ ከሚፈቅደው ምክንያት ውጭ የሚያፈገፍግ ገዢ ቀብዱን ሊያጣ፣ ሻጩ ከመረጠም ውሉን እንዲፈጽም ሊከሰስ ይችላል።

ሻጩም ግዴታ አለበት። በንብረት ሕጉ አንቀጽ 5.008 መሠረት የመኖሪያ ቤት ሻጭ ስለ ቤቱ ሁኔታ የሚያውቀውን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ጣሪያው ማፍሰሱ፣ መሠረቱ መሰንጠቁ፣ ቤቱ በጎርፍ መጎዳቱ እዚህ ላይ ይሰፍራል። ገዢው ይህን መግለጫ ያገኘው ውሉ ከጸና በኋላ ከሆነ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ባሉት ሰባት ቀናት ውስጥ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ማንም ያልኖረበት አዲስ ቤት ከዚህ ግዴታ ውጭ ነው።

ታይትል ካምፓኒው ምን ይመረምራል?

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ታይትል ካምፓኒው መዝገብ ይመረምራል። ሻጩ በእርግጥ ባለቤት ነው? በቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ፣ ያልተከፈለ ግብር፣ የፍርድ ባለዕዳነት ወይም ያልተከፈለው የሕንፃ ተቋራጭ ያስመዘገበው የመያዣ መብት አለ? የቀድሞ ባለቤት ሲሞት ወራሾች ሁሉ ፈርመዋል?

ውጤቱ የሚቀርበው ኢንሹራንሱ በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ በሚገልጽ ሰነድ ነው። ገዢው ትኩረት ሰጥቶ ሊያነበው የሚገባው ኢንሹራንሱ የማይሸፍናቸው ነገሮች የተዘረዘሩበትን ክፍል ነው። የጎረቤት መተላለፊያ መብት፣ የመብራት ወይም የውኃ መስመር፣ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደንብ እዚያ ይገኛሉ። ቅሬታ ያለው ገዢ በውሉ በተወሰኑት ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቀ እንደተቀበለው ይቆጠራል።

የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በቴክሳስ ሕግ ማኅበሩ ያልተከፈለ መዋጮን ምክንያት አድርጎ፣ መኖሪያ ቤት ቢሆንም፣ ቤቱን እስከ ማሸጥ ሊደርስ ይችላል። ቅጣት ብቻውን ግን ለዚህ አያበቃም።

የባለቤትነት ኢንሹራንስ ሁለት ዓይነት ነው። አበዳሪው የሚጠይቀው ኢንሹራንስ የሚጠብቀው አበዳሪውን ብቻ ነው። ገዢው የሚጠበቀው በራሱ ስም የተገዛ ኢንሹራንስ ሲኖረው ነው። ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸም ሲሆን፣ ታሪፉን የሚወስነው የቴክሳስ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ከኩባንያ ኩባንያ የዋጋ ልዩነት አይኖርም።

የርክክቡ ዕለት፦ ማን ምን ይፈርማል?

በርክክቡ ዕለት ገዢው ፊት ብዙ ወረቀት ይቀርባል። ከእነዚህ ውስጥ ባለቤትነትን የሚያስተላልፈው ዲድ ግን የሚፈረመው በሻጩ ነው። ገዢው የሚፈርመው በዋናነት የብድር ሰነዶችን ነው፤ አንደኛው የመክፈል ግዴታውን የሚገልጽ፣ ሌላኛው ቤቱን ለብድሩ መያዣ የሚያደርግ ነው።

ከዚህ የሚመነጨውን ልዩነት ብዙዎች ይስቱታል። በብድሩ ላይ መፈረምና በዲዱ ላይ ስም መስፈር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ሰው ብድሩን ፈርሞ ባለዕዳ ሆኖ ሳለ በዲዱ ላይ ስሙ ላይኖር ይችላል። በተቃራኒው ብድሩ ውስጥ ያልገባ ሰው በዲዱ ባለቤት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ከመፈረም በፊት በዲዱ ላይ የገዢው ስም እንዴት እንደተጻፈ ማየት ተገቢ ነው።

የዲዱ ዓይነትም ይለያያል። “ጄኔራል ዋራንቲ ዲድ” በሚባለው ሻጩ ከእርሱ በፊት በነበሩት ባለቤቶች ዘመን ለተፈጠረ ጉድለት ጭምር ዋስ ይሆናል። “ስፔሻል ዋራንቲ ዲድ” ዋስትናውን ሻጩ ባለቤት በነበረበት ጊዜ ይወስነዋል። “ኩዊትክሌም” ደግሞ ምንም ዋስትና የለውም፤ ሻጩ መብት ካለው ያን መብት ይለቃል፣ ከሌለው ገዢው የሚያገኘው ነገር የለም። በቅናሽ ዋጋ በኩዊትክሌም ቤት የሚቀርብለት ሰው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት።

ዲዱ እንዲመዘገብ የሻጩ ፊርማ በኖተሪ መረጋገጥ አለበት። የቴክሳስ ኖተሪ ሥራ ግን በኢትዮጵያ “ውልና ማስረጃ” በሚል ስም ከሚታወቀው መሥሪያ ቤት ይለያል። የኢትዮጵያው መሥሪያ ቤት ሻጩ ንብረቱን የመሸጥ መብት እንዳለው ማስረጃ ይጠይቃል። የቴክሳስ ኖተሪ የሚያረጋግጠው የፈራሚውን ማንነትና መፈረሙን ነው፤ ሻጩ በእርግጥ የቤቱ ባለቤት መሆኑን አይመረምርም፣ በሥራውም ጠበቃ አይደለም። የኖተሪ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሁሉ ትክክለኛ ሽያጭ ነው ማለት አይቻልም።

ገንዘብ ሲተላለፍም አጭበርባሪዎች የታይትል ካምፓኒውን ኢሜይል አስመስለው የባንክ ቁጥሩ ተቀይሯል የሚል መልእክት የሚልኩበት አጋጣሚ አለ። ከመላክ በፊት ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ቁጥር ደውሎ ማረጋገጥ ይህን አደጋ ይከላከላል።

ያልተመዘገበ ዲድ አደጋ

ዲድ ተፈርሞ ከተሰጠ በሻጩና በገዢው መካከል ባይመዘገብም ይጸናል። አደጋው ሦስተኛ ወገን ሲመጣ ነው። በንብረት ሕጉ አንቀጽ 13.001 መሠረት ያልተመዘገበ ዲድ፣ ስለ ቀድሞው ሽያጭ ሳያውቅ ዋጋ ከፍሎ በገዛ ሰው ላይ መቃወሚያ ሊሆን አይችልም። ለሻጩ አበዳሪዎችም ተመሳሳይ ጥበቃ ይደረጋል።

ለምሳሌ አንድ ሰው ቤቱን ለአንድ ገዢ ሸጦ ዲዱን ቢሰጠውና ገዢው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጠው፣ ያው ሻጭ ቤቱን ለሌላ ቅን ልቦና ላለው ገዢ ሊሸጠው ይችላል። ሁለተኛው ገዢ ካስመዘገበ የመጀመሪያው ቤቱን አጥቶ ሻጩን ከማሳደድ ሌላ ምርጫ ላይኖረው ይችላል። ታይትል ካምፓኒ በተሳተፈበት ሽያጭ ምዝገባው የኩባንያው ሥራ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው በዘመዳሞች ወይም በወዳጆች መካከል ያለ ታይትል ካምፓኒ በሚደረግ ሽያጭ ነው።

በዘመድ ስም የተገዛ ቤት

አዲስ የመጣ ሰው የብድር ታሪክ አይኖረውም። ቅድመ ክፍያው በእጁ ቢኖርም ባንክ ላያበድረው ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ የታወቀ ነው፦ ቤቱ በዘመድ ወይም በጓደኛ ስም ይገዛል፣ ወርሃዊ ክፍያውን ግን የሚኖርበት ሰው ይከፍላል።

በሕግ ዓይን ባለቤቱ በዲዱ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ነው። ከፋዩ በፍርድ ቤት መብቱን ለማስከበር መንገድ ቢኖረውም መንገዱ ጠባብ ነው። የቴክሳስ ፍርድ ቤቶች የሚመለከቱት የግዢውን ገንዘብ ባለቤትነቱ በተላለፈበት ጊዜ ማን እንደከፈለ ወይም ለመክፈል ግዴታ እንደገባ ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተከፈለ ወርሃዊ ክፍያ ብቻውን ባለቤትነትን አይፈጥርም።

ስሙን ያዋሰው ሰው ታማኝ ቢሆንም አደጋው አይቀርም። ሰውየው ቢሞት ቤቱን ወራሾቹ ይጠይቁታል፤ ቢፋታ ባለቤቱ የጋራ ሀብት ነው ትላለች፤ ቢከሰስና ቢረታ የፍርድ ባለመብቱ ዓይኑን ይጥልበታል። ከዚህም በላይ በቤቱ የሚኖረውን ሰው ማንነት ወይም የቅድመ ክፍያውን ምንጭ ለአበዳሪው በሐሰት መግለጽ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ተጠያቂነቱም በቅንነት ስሙን ባዋሰው ዘመድ ላይ ያርፋል።

ሕጋዊ አማራጮች አሉ። ዘመድ በግልጽ ተባባሪ ተበዳሪ ሊሆን፣ ሁለቱም በዲዱ ላይ ሊሰፍሩ ወይም ቅድመ ክፍያው በስጦታነት በጽሑፍ ሊገለጽ ይችላል። የሁሉም መነሻ ግን ለአበዳሪው እውነቱን መናገር ነው።

የትዳር ጓደኛ ፊርማ

ቴክሳስ በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ ነው ብለው ከሚገምቱት ግዛቶች አንዷ ናት። ቤቱ በአንዱ ስም ብቻ መመዝገቡ ይህን ግምት አያፈርሰውም። በተጨማሪም ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት ከጋብቻ በፊት የተገዛ የግል ሀብት ቢሆን እንኳ፣ በግዛቲቱ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 5.001 መሠረት አንዱ ያለ ሌላው ስምምነት ሊሸጠው ወይም በመያዣ ሊሰጠው አይችልም። በኢትዮጵያም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል።

በየወሩ እየከፈሉ መግዛት

ባንክ ያላበደረውን ገዢ የሚጠብቀው ሌላው መንገድ ከሻጩ በቀጥታ፣ በየወሩ እየከፈሉ መግዛት ነው። በዚህ ዓይነቱ ውል ሻጩ ዲዱን የሚሰጠው የመጨረሻው ክፍያ ሲጠናቀቅ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት አንድ ክፍያ የዘገየበት ገዢ ቤቱንም የከፈለውንም የሚያጣበት አጋጣሚ ነበር።

የቴክሳስ የንብረት ሕግ ዛሬ ለመኖሪያነት የሚገዛውን ሰው በብርቱ ይጠብቃል። ሻጩ ውሉን በ30 ቀናት ውስጥ ማስመዝገብ አለበት፤ ገዢው በ14 ቀናት ውስጥ ውሉን መሰረዝ ይችላል፤ ሻጩ በየዓመቱ ጥር ውስጥ የሒሳብ መግለጫ መስጠት ይኖርበታል። ገዢው የዋጋውን 40 በመቶ ወይም 48 ወርሃዊ ክፍያዎችን ከፈጸመ በኋላ ክፍያ ቢያቋርጥ ሻጩ ቤቱን እንዲያው ሊነጥቀው አይችልም፤ በሕጉ ሥርዓት መሠረት ማሸጥ አለበት።

በተለይ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሚጠቅም ድንጋጌ በአንቀጽ 5.068 ላይ ይገኛል። ከእንዲህ ዓይነቱ ውል በፊት የተደረገው ድርድር በዋናነት ከእንግሊዝኛ በተለየ ቋንቋ ከተካሄደ፣ ሻጩ ከሽያጩ ጋር የተያያዙትን የጽሑፍ ሰነዶች በሙሉ በዚያው ቋንቋ መስጠት ግዴታው ነው። ድርድሩ በአማርኛ ከነበረ ሰነዶቹም በአማርኛ መቅረብ ይኖርባቸዋል ማለት ነው።

ውክልና እና ውርስ

ባለቤቱ በሌለበት ቤት በውክልና መሸጥ ይቻላል። በቴክሳስ ለማይንቀሳቀስ ንብረት ዝውውር ያገለገለ ዘላቂ የውክልና ሰነድ በካውንቲው መመዝገብ አለበት። በዳላስ ተቀምጦ አዲስ አበባ ያለውን ቤት ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጠቅላላ ውክልና አይበቃውም። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል።

ውርስን በተመለከተ፣ ቴክሳስ እ.አ.አ. ከመስከረም 2015 ጀምሮ ባለቤቱ ሲሞት ቤቱ ለመረጠው ሰው በቀጥታ የሚተላለፍበትን ዲድ ፈቅዳለች። ሰነዱ ባለቤቱ በሕይወት እያለ ሊሻር የሚችል ሲሆን፣ ከመሞቱ በፊት ካልተመዘገበ ግን ዋጋ የለውም።

ማን መግዛት ይችላል?

በቴክሳስ የንብረት ባለቤት ለመሆን ዜግነት ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ ሕጉ በመርህ ደረጃ ለውጭ ዜጋ ከአሜሪካዊ እኩል የንብረት መብት ይሰጣል። እ.አ.አ. ከመስከረም 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው ሕግ ከቻይና፣ ከኢራን፣ ከሰሜን ኮሪያና ከሩሲያ ጋር ግንኙነት ባላቸው የተወሰኑ ሰዎችና ድርጅቶች ላይ ገደብ ጥሏል። ኢትዮጵያ ከእነዚህ አገሮች ውስጥ የለችም።

በኢትዮጵያ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው። የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት በትውልድ አገሩ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የመሆን መብት አለው። ሽያጩ ግን በመደበኛነት በውልና ማስረጃ መመዝገብ ይኖርበታል። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 የሰጠው ውሳኔ ይህን የምዝገባ መስፈርት የውሉ መጽኛ አድርጎ ተመልክቶታል።

ከመፈረም በፊት

ሥርዓቱ በዳላስና በአዲስ አበባ ቢለያይም ገዢውን የሚጠብቀው ነገር ተመሳሳይ ነው፤ በሕግ ፊት የሚቆጠረው በጽሑፍ የሰፈረና የተመዘገበ ነገር ነው። በዳላስ ቤት የሚገዛ ሰው የሻጩን ስም ከካውንቲው መዝገብ ጋር ማመሳከር፣ ኢንሹራንሱ የማይሸፍናቸውን ነገሮች ማንበብ፣ በራሱ ስም የባለቤትነት ኢንሹራንስ መግዛት እና በዲዱ ላይ የሰፈረውን ስም ፊደል በፊደል ማየት ይኖርበታል። ርክክቡ ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ዲዱ መመዝገቡን በካውንቲው ጸሐፊ ቢሮ ማረጋገጥ ይችላል።

ከዓመታት በፊት በዘመድ ስም የገዛ ወይም ያልተመዘገበ ወረቀት በእጁ የያዘ ሰው ሁሉም ወገኖች በሕይወትና በስምምነት እያሉ በቴክሳስ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ቢያማክር ጉዳዩን ለማስተካከል ይቀልለዋል። አንዱ ከሞተ ወይም ጠብ ከተነሳ በኋላ ግን ያው ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ያመራል።